የበጌምድር በሽታ፣ የጄኔቫ ዶሴ

በ1858 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አፄ ቴዎድሮስ ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ሠራዊታቸው ውስጥ ገባ። ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የእንግሊዝን መልእክት ይዘው መጥተው የታገቱት ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ያዩትን ጽፈዋል። ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ በጌምድር ደጋ፣ ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር ወጣ፤ በሽታውም አብሮ ወጣ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት እስከ መስከረም 1866፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሐኪሞችና ዲፕሎማቶች ቁስጥንጥንያ ላይ ተሰብስበው ስለዚሁ ኮሌራ ይከራከሩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመካ ተሳላሚዎች ጋር በግብፅ በኩል አውሮፓ የገባው ወረርሽኝ አስደንግጧቸዋል። መነሻው ሕንድ፣ የጋንጀስ ወንዝ አካባቢ ነው ብለው ደመደሙ፤ ቀይ ባሕር ላይ ተሳላሚውና መርከቡ እንዲጠበቅም መከሩ። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው አገራችን በዚያ አዳራሽ ወንበር አልነበራትም።

የብላንክ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ላይ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ታጋቾቹን ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዝ ጦር፣ የናፒየር ዘመቻ፣ የዓለምን ጆሮ ስለሳበ ገዢ አላጣም። የቁስጥንጥንያው ቃለ ጉባኤ ግን የተረፈው በሌላ መንገድ ነው። በሽታን ለመከላከል የተጠራው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ላይ ተካሄደ፤ እስከ 1938 ድረስም 14 ጊዜ ተሰበሰበ። ለብዙ ዓመታት ይህ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት አልነበረውም። ቃለ ጉባኤውን የሚያሳትመው አስተናጋጁ መንግሥት ነበር፤ ተሰብሳቢው ሲበተን ያለፈውን የሚያስታውስ ጸሐፊ አይቀርም። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ብዙው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። አንድ ቋሚ ቢሮ፣ ከቢሮውም ጋር አንድ መዝገብ ቤት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው፤ መቀመጫው ፓሪስ፣ ሥራው የወረርሽኝ ወሬ መሰብሰብና ለመንግሥታት ማከፋፈል ሆነ።

እንግዲህ የዓለም አቀፍ ጤና ድርጅት ታሪክ ከሐኪሙ ይልቅ በጸሐፊው ይጀምራል ብል አላጋነንኩም። የእኛ ደጋም፣ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይና ጉና፣ እዚያ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በወረቀት በኩል ነው።

ከፓሪሱ ቢሮ ቀጥሎ የመጣው ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር የጤና ክፍል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. መስከረም 1923 የማኅበሩ አባል ሆነች። የማኅበሩ ዶሴዎች ዛሬም ጄኔቫ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ ‹የዓለም ትውስታ› ብሎ በሚጠራው መዝገብ ሰፈሩ፤ በኋላም ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ በዲጂታል ተቀድቶ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ስለ ጣሊያን ወረራ የሚጽፍ ሰው የአፄ ኃይለ ሥላሴን አቤቱታ እዚያው ያገኛል። ከዚያው ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ማህደር አለ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ። የዚህኛው ታሪክ ለእኛ መራራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 እና 1936 የኮሚቴው ልዑካን ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ዡኖ ኢትዮጵያ ነበሩ። የመርዝ ጋዝ ያቃጠለውን ሰው፣ በቦምብ የተመታውን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አይተዋል፤ ሪፖርቱንም ጄኔቫ ልከዋል። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ ያለህን ማስረጃ ስጠኝ ሲለው ኮሚቴው ገለልተኝነቴ ይነካል ብሎ አልሰጠም። ዶሴው በጥንቃቄ ተቀመጠ፤ በጥንቃቄ መቀመጡ ግን በጊዜው ለተቃጠለው ሰው አንዳች አልፈየደም። ማህደሩ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ራይነር ባውደንዲስተል የተባሉ ተመራማሪ ገብተው ኮሚቴው ምን ያውቅ እንደነበር፣ መቼ እንዳወቀና ለምን ዝም እንዳለ በዝርዝር የጻፉት። ማህደር መጠበቅን ንጹሕ በጎ ሥራ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። ወረቀትን ከእሳትና ከአይጥ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከባለጉዳዩ መጠበቅ ሌላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ የተፈረመው ኒውዮርክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1946 ነው። ኢትዮጵያ በማግሥቱ ዓመት አባል ሆነች፤ ድርጅቱ በይፋ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1948 ስለሆነ ከፈር ቀዳጆቹ አንዷ ናት። በእኛም ቤት የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በዚያው ዓመት ነው። አዲሱ ድርጅት የፓሪሱን ቢሮ ሥራና ወረቀት ወረሰ። የራሱን ሕንጻ ሠርቶ እስከ ገባበት እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ የተቀመጠው የቀድሞው ማኅበር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። የማህደር ሠራተኞቹ ፋይሎቹን በትውልድ ይከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ትውልድ እስከ 1950፣ ሁለተኛው እስከ 1955፣ ሦስተኛው ከዚያ ወዲህ። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ስላለው፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ የለመደ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ይማራል።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለ። ድርጅቱ ዓለምን በቀጠና ሲከፍል ኢትዮጵያን ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጋር መደባት፤ ደብዳቤዋ የሚሄደው ወደ እስክንድርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ አፍሪካ ቀጠና ተዛወረች፤ ደብዳቤውም ወደ ብራዛቪል ዞረ። የእስክንድርያው ጽሕፈት ቤት በኋላ ካይሮ ገባ። የብራዛቪሉም እ.ኤ.አ. በ1997 በኮንጎ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ለዓመታት ሐራሬ ተሰደደ። ስለዚህ የአንድ አውራጃ የወባ ወይም የፈንጣጣ ታሪክ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባን፣ ጄኔቫን፣ የግብፁን ጽሕፈት ቤትና ብራዛቪልን ሊያንኳኳ ይገደዳል፤ እነዚህም ቢሮዎች ራሳቸው ጓዝ የጠቀለሉ ናቸው።

በበጌምድር የዓለም ጤና ድርጅት ስም ከሕዝብ ጆሮ የደረሰው በጎንደር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁን የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ የፖይንት ፎር ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ አቆሙት። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ ሳኒተሪያንና የላብራቶሪ ቴክኒሺያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበር። ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም የሚለው ሐሳብ በጊዜው ድፍረት ነበር። ለማህደሩ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነው፤ አራት አጋር ማለት አራት ሪፖርት ማለት ነው። ጎንደር ላይ የተጻፈ ነገር ካርቦኑ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይሄዳል። የአንዱ አጋር መዝገብ ቤት ቢቃጠል የሌላው ይተርፋል፤ ዛሬ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው ብዙው ነገር በውጭ አገር ቅጂ መገኘቱም ከዚህ የተነሳ ነው።

ወባው ግን አልተኛም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰው ‹ከወባ ነጻ ነው› ብሎ የሰፈረበት አገር ሁሉ ታመሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታምሞ ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ገመተ። ግምት ነው፤ ሟች የሚቆጥር ቢሮ ገጠር ውስጥ አልነበረምና። ከወረርሽኙ በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። በጀቱ፣ መኪናውና ሠራተኛው ወደዚያ ፈሰሰ፤ ይህም ለፈንጣጣው ዘመቻ መዘግየት አንዱ ምክንያት ሆነ።

ፈንጣጣ ለበጌምድር እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርሱ መጀመሪያ የተጠሩት በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች እንዲያክሙ ነበር። ገጠሩም የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ልምድ ያለው ሰው ከታማሚ ቁስል ላይ መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ሰንጥቆ ያስገባበታል። በቀላሉ ታሞ የሚድን ይበዛል፤ ግን ያ ሰው ለሌላው ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰሜኑ ደጋ ይህ ልማድ ገና በሥራ ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረው የፈንጣጣ ዓይነት ደግሞ ቀላሉ ነበር፤ ከሚይዘው መቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚገድለው። ስለዚህ ገበሬው ከወባና ከታይፈስ ጋር ሲያስተያየው አይፈራውም፤ ባለሥልጣኑም ‹ወባውን ትተን ለዚህ ሰው አንመድብም› ቢል ሊገርም አይገባም።

ፈንጣጣን ከዓለም የማጥፋቱ ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው ጥር 1963 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አገሪቱ ለጄኔቫ ያስመዘገበችው 722 ታማሚ ብቻ ነበር። ፍለጋው በተጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ 26,329 ሆነ፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ከፊተኞቹ ተርታ ተሰለፈች። በሽታው በአንድ ዓመት ሠላሳ ስድስት እጥፍ አልጨመረም። የጨመረው የሚጠይቅ ሰውና የሚሞላ ቅጽ ነው። የማህደር ቁጥር የሚያነብ ሁሉ ይህን ጥንድ ቁጥር ልብ ማለት አለበት፤ ከ1963 ዓ.ም. በፊት በዶሴው ላይ የምናየው ጸጥታ የጤና ጸጥታ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ፈላጊው ደርቆ የተዘጋጀ ክትባት፣ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ መርፌ፣ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድና ቅጾቹን ይዞ ይወጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በገሳይ በጉና ግርጌ አልፎ ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ ቻይናዎች የሠሩት በኋላ ነው፤ በዘመቻው መጀመሪያ ዓመታት ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚሻገር ሰው በቅሎና እግር ነበር ያለው። ገበያ ቀን፣ ንግሥ ላይ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ፎቶውን እያሳየ ‹እንዲህ ያለ ሰው የት አይታችኋል?› ብሎ ይጠይቃል። ከትልልቅ ሰዎች ይልቅ ተማሪዎች እውነቱን ይናገራሉ፤ እነሱ የሚደብቁት ዘመድ ጥቂት ነው። የታመመ ሲገኝ ቤቱና ጎረቤቱ ይከተባል፤ ሕመሙ ከማን እንደመጣ ወደ ኋላ ይከታተላሉ። ሁሉም ቅጽ ላይ ይወርዳል፤ ቅጹ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ጄኔቫ ይሄዳል።

በዘመቻው ውስጥ ከተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ ለእኔ የሚገርመኝ ባዶው ነው። የዓለሙ ዘመቻ ኃላፊ ዶክተር ዲ.ኤ. ሄንደርሰን ሪፖርት በየጊዜው ሳይቋረጥ እንዲላክ ያጥብቁ ነበር፤ አንድም ታማሚ ካልተገኘም ‹አልተገኘም› ተብሎ እንዲጻፍ። በአገራችን የቢሮ ልማድ ምንም ያልተገኘበት ሥራ ደብዳቤ አይጻፍለትም። ያን ጊዜ ተጻፈለት። ይህ ባዶ ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ የታወቀው ዘመቻው ከተጀመረ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ነበር የሥራው ጀርባ። ከአስተባባሪዎቹ ታምሩ ደበያና የማነ ተከስተ ስማቸው በዶሴውም ስለ ዘመቻው በተጻፉት መጻሕፍትም ይገኛል። ከውጭ ከመጡት መካከል ብራዚላዊው ሲሮ ዴ ኳድሮስ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተዋል፤ በኋላም የአሜሪካ አህጉር የፖሊዮ ዘመቻ መሪ ሆኑ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ የኦስትሪያና የጃፓን ፈቃደኞችም ነበሩ። ለገደሉና ለተራራው አገር ሄሊኮፕተር ተከራየ። አብዮቱ ሲመጣ፣ ሽፍታውም ሲበዛ ሄሊኮፕተር ኢላማ ሆነ፤ ሄንደርሰን እንደተረኩት፣ የታገተ አንድ አብራሪ አጋቾቹን ከተባቸው ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ጥሩ ወሬ ሁሉ እንደሚሆነው ሲነገር ሲነገር ሳያምርም አልቀረም።

የመጨረሻው ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም.፣ ኦጋዴን ዲሞ በምትባል መንደር ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተላለፈው የመጨረሻው በሶማሊያ መርካ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1977 ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ዘመቻው መልኩን ቀየረ። በሽታ መፈለግ አበቃ፤ አለመኖሩን ማስመስከር ተጀመረ። አንድ በሽታ እንዳለ ለማሳየት አንድ ታማሚ ይበቃል። እንደሌለ ለማሳየት ግን ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አገር ለአገር እየዞረ ‹የት ፈለጋችሁ? መቼ? ማን ሄደ? ምን ይዞ ተመለሰ?› ብሎ ወረቀት ያገላብጣል። የጥርጣሬ ወሬ ሁሉ ተቆጥሮ እንዴት እንደተጣራ የሚያሳይ መዝገብ ተዘጋጀ። ያኔ ነው እነዚያ ‹አልተገኘም› የተባለባቸው ወረቀቶች ምስክር የሆኑት። ጥቅምት 1972 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የአፍሪካ ቀንድን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1979 ናይሮቢ ላይ ነጻ መሆኑ ታወጀ፤ ከመርካው ታማሚ በኋላ ልክ በሁለት ዓመቱ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አጸደቀ።

ጉባኤው ያጸደቀው መጥፋቱን ብቻ አልነበረም፤ የዓለም አቀፉ ኮሚሽን 19 ምክረ ሐሳቦችም አብረው ጸደቁ። ብዙዎቹ ስለ ክትባት ክምችትና ስለ ቫይረሱ ላብራቶሪዎች ናቸው። አንዱ ግን የዘመቻው ሳይንሳዊ፣ የመስክና የአስተዳደር መረጃ ሁሉ ተዘርዝሮ በዋናው መሥሪያ ቤት በማህደርነት እንዲቀመጥ፣ ምናልባትም በሕክምና ታሪክ ማዕከላት ጭምር እንዲኖር ይላል። ሥራ ሲያልቅ ፋይል ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ቢሮው ለሌላ ይሰጣል። ይህ ግን በጉባኤ ውሳኔ ስለታሰረ አልተበተነም። ከዚያ ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1988 ፌነር፣ ሄንደርሰንና ሦስት ባልደረቦቻቸው ከ1,400 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጡ፤ ለኢትዮጵያም አንድ ምዕራፍ አለው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ብራዛቪል ላይ የታተመው የኢትዮጵያ ዘመቻ መጽሐፍ የመጀመሪያው ደራሲ የማነ ተከስተ ናቸው፤ ታምሩ ደበያም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። የዘመቻው ዶሴ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገባ። ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) የቀረቡት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትና ሰነዶች ከሃያ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደዚሁ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ በአንድ የክብር መዝገብ ላይ የእኛ ብራናና የእኛ ፈንጣጣ ተገናኝተዋል።

ታች፣ በበጌምድር ራሱ የቀረው ቅጂስ? አገሩ በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በደርግ ዘመን ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ፤ በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ዘመን ሰሜንና ደቡብ ጎንደር ተብሎ ተከፈለ፤ ከዚያ በአማራ ክልል ሥር ዞን ሆነ፤ የደቡብ ጎንደር መቀመጫም ደብረ ታቦር። አውራጃው ቀረ፣ ወረዳው እየተከፈለ በዛ። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ጠረጴዛና ወንበር በርክክብ ቅጽ ይተላለፋል፤ ወንበሩ የንብረት ቁጥር አለው። የሞተ ፋይል ግን ቁጥር የለውም። ቦታ ሲጠብ ይወጣል፤ ጥግ ላይ ተከምሮ ዝናብ የሚያስገባ ቆርቆሮ ሥር ክረምቱን ይከርማል፤ ወይም በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ይደርስና የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ይህ የአንድ ቢሮ ጥፋት አይደለም። በጎንደርም በአዲስ አበባም መሥሪያ ቤት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሕግ አለ። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን መዛግብት እንዲሰበስብና እንዲጠብቅ ሥልጣን ሰጠው። ሕጉ ግን ከአዲስ አበባ ሚኒስቴር ምድር ቤት እስከ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ድረስ የሚሄድ እግር የለውም። በካርድ ክፍል የሚሠራው ሰው ሥራው የዛሬን ታማሚ ካርድ ቶሎ ማውጣት ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን መዝገብ ጠብቅ ብሎ ያዘዘው የለም። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሪፖርቱ በኮምፒውተር በሚሠራ የጤና መረጃ ሥርዓት ይላካል። ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ድምር በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ ይደርሳል። የድምሩ ምንጭ የሆነው የወረቀት መዝገብ ግን ‹ገብቷል› ከተባለ በኋላ ጠባቂ አጣ።

በዚሁ ደጋ ከዚያ እጅግ የቆየ ወረቀት ተጠብቆ ስለኖረ ነገሩ በድህነት ብቻ አይመካኝም። በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በማኅደረ ማርያም፣ በቆማ ፋሲለደስና በሌሎች አድባራት የጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ክርክር፣ ስጦታና ሽያጭ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ተጽፏል። ዶናልድ ክራሚ የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ የጻፉት እንዲህ ዓይነት ጽሑፎችን እያነበቡ ነው። ዘዴው ረቂቅ ነው፤ ውሉን ማንም በማይጥለው መጽሐፍ ውስጥ ጻፈው። መጽሐፉን ገበዙ ይቆልፍበታል፣ ቄሱ በበዓል ያወጣዋል፣ ውሉን የሚፈልገው ባለርስት ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ጠባቂ አለው፤ ጠያቂም አለው። የጤና ጣቢያ መዝገብ ሁለቱንም አጥቷል። ጄኔቫ የነበረው ዶሴ ግን ሁለቱንም አግኝቷል፤ ጠያቂው ኮሚሽኑ ነበር፣ ጠባቂው የ1980ው ውሳኔ።

ደብረ ታቦር ሌላም የውጭ ማህደር አላት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ሚሲዮን እዚያ የሕክምና ሥራ ጀምሮ ነበር። የሚሲዮኑ ዓመታዊ መጽሐፍና መጽሔቶች የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት በአሜሪካ ሜሪላንድ ተቀምጠው፣ ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። የከተማዋን የሐኪም ቤት ታሪክ የሚጽፍ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአያቱን ከተማ ከሜሪላንድ ሊያነብ ይችላል። እዚሁ ስለቀረው ወረቀት ግን የሚጠይቅ የለም፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ እስከ ጉና ግርጌ ሲደርስ፣ በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ አልጋና መድኃኒቱ በጉዳት ሪፖርት ተቆጥሯል። የጠፋ መዝገብ የሚቆጠርበት ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቅጽ ላይ የለም።

ስለዚህ ቅጂውን ማስመለስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዋናው ወረቀት ጄኔቫ ይቀመጥ፤ እዚያ ይበልጥ ይጠበቃል። የበጌምድር ክፍል ግን በዲጂታል ተቀድቶ ጎንደርና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ቢገባ የሚያስከለክል ነገር አይታየኝም፤ የ1980ው ምክረ ሐሳብ ራሱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ምናልባት በታሪክ ማዕከላትም ሊቀመጥ እንደሚችል ጠቁሟል። ፈላጊው መታገሥ ያለበት ግን አለ። ቀኑ አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በእነሱ አቆጣጠር ነው። የቦታው ስም በላቲን ፊደል እንደ ጻፈው ሰው ይለዋወጣል፤ ገሳይም፣ ጋይንትም፣ በጌምድር ራሱም።

ቅጂው ቢመጣም ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ዶሴው የፈላጊውን ዓይን ይዟል። መግል ወስዶ ይከትብ የነበረው የመንደር ሰው በዶሴው ውስጥ እንቅፋት ነው፤ ስሙ የለም፣ ስንት ልጅ አድኖ ስንቱን እንደገደለ የራሱ ቃል የለም። ክንዷን ለመርፌ አልሰጥም ያለች እናት ‹እምቢተኛ› ተብላ በአንድ መስመር ታልፋለች፤ ለምን እምቢ እንዳለች ያልተጻፈው ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለ ነው። ይህን የሚያውቁት ከፈላጊዎቹ፣ ከአስተርጓሚዎቹና ከበቅሎ ነጂዎቹ ገና ያሉት ናቸው። በ1963 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሰባውን አልፏል። የሚጠየቁት ከባድ ነገር አይደለም፤ በየትኛው መንገድ ሄዱ፣ ማን ቤት አደሩ፣ ካህኑ ንግሥ ላይ ምን ብሎ ተናገረላቸው ወይም ተናገረባቸው፣ የቱ መንደር ታማሚውን ጎተራ ውስጥ ደበቀ፣ ቅጹንስ ሳይሄዱ የሞሉበት ቀን ነበር ወይ።